ቁጥር ያለው ካርድ፣ ቁጥር የሌለው ክታብ

በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ዩቲዩበር ለአንዲት የፖክሞን ካርድ 5.275 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ፒካቹ የተባለው ምናባዊ ፍጥረት የተሣለባት ይህች ካርድ ከመዳፍ አትበልጥም። ዋጋዋን የሰቀለው ሥዕሉ ብቻ አይደለም። በጥቂቱ መታተሟ፣ አለመጎዳቷ፣ ተመርምራም መለያ ቁጥር ማግኘቷ ነው።

የደብተራ ብዕርም ከምናብ ፍጥረት ጋር አዲስ ትውውቅ የለውም። በብራና ክታብ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ውርዝልያን በጦር ሲወጋ ይታያል። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ የክርስትና ስሙም በጸሎቱ መሐል ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክታብ አንድ ለእናቱ ነው። ይህ ጥበብ በ1997 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ራሱን የቻለ ዐውደ ርእይ ተዘጋጅቶለታል። የውጭ ሰብሳቢ ዋጋውን ያውቃል፤ ክታቡን ከአያቱ ሣጥን ያገኘ ወጣት ግን ላያውቅ ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሆኖም ፎቶ የሌለው ክታብ አንዴ ከወጣ ከማን ቤት እንደወጣ በምን ይረጋገጣል? የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በማይክሮ ፊልም ተቀርጿል፤ ቢጠፋ እንኳ ማስረጃ አለው።

«ድሃ ንብረቱን ቢሸጥ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ዋጋውን ሳያውቅ የሸጠ ግን ተታለለ እንጂ አልተጠቀመም። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያሉ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ክታቡን ከባለቤቱ ሳይነጥቁ ፎቶ ያንሡት፣ ይለኩት፣ ቁጥር ይስጡት። ለመጫወቻ ካርድ የተደረገው ለብራና አይነሰው።