የተቀዳ ሙዚቃ ቋንጣ ነውን?

እንደ እኔው ከመሥሪያ ቤት መልስ ግጥም የሚሞክር አንድ ወዳጅ አለኝ። ባለፈው እሑድ ቡና ስንጠጣ፣ «የተቀዳ ሙዚቃ ቋንጣ ነው» አለኝ። ሊል የፈለገው ግልጽ ነው። ሙዚቃ ማለት አዳራሽ ተቀምጦ፣ ተጫዋቹን በዓይን እያዩ፣ ከእርሱ ጋር አንድ አየር እየተነፈሱ የሚሰሙት ነው፤ ከሸክላም ይሁን ከኮምፒውተር የሚወጣው ግን ደሙ ደርቆ ያለቀ የመንገድ ስንቅ ነው ማለቱ ነበር። የእኔ መልስ የሆዳም ሰው መልስ ሆነ፤ «ለመሆኑ የቋንጣ ፍርፍር ከጥሬ ሥጋ የሚያንሰው በየትኛው ማዕድ ላይ ነው?» አልኩት። ተሳስቀን ተለያየን። ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም፤ ያን ዕለት በቀልድ ያለፍኩትን ዛሬ በቁም ነገር ልመልስለት እወዳለሁ።

ለወዳጄ የምተውለት ነገር አለ። ግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖ ሲጫወት በአካል ተገኝቶ የሰማ ሰው፣ ጣት ቁልፍ ከመንካቱ በፊት በአዳራሹ የሚሰፍነው ዝምታ በማንኛውም ማሽን እንደማይቀዳ ያውቃል። ይሁን እንጂ ሙሉ ኦርኬስትራ ከፒያኖ ጋር ኮንቸርቶ ሲጫወት መስማት አዲስ አበባ ለሚኖር ለእኔ ቢጤው የባንክ ሠራተኛ እንደ ልብ የሚገኝ ዕድል አይደለም። የሞዛርትን ሶናታዎችም ሆነ የሹማንን ኮንቸርቶ ያወቅሁት በቀረጻ ብቻ ነው። ወዳጄ ልክ ከሆነ እንግዲህ እኔ እነዚህን ሥራዎች ሰምቼ አላውቅም ማለት ነው። ይህን መቀበል ያቅተኛል።

የምከራከረው በአንድ ሰው ምሳሌነት ነው። ዲኑ ሊፓቲ ሩማንያዊ ፒያኒስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ቡካሬስት ተወልዶ በዲሴምበር 2 ቀን 1950 ጄኔቫ ላይ በ33 ዓመቱ አረፈ። የገደለው ሆጅኪን የሚባለው የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ነው። ትቶልን የሄደው ቀረጻ ብዙ አይደለም፤ ምክንያቱም ሕመሙ ብቻ አይመስለኝም፣ ጠባዩም ነበረበት። ቀረጻዎቹን ያዘጋጅ የነበረው ዎልተር ሌግ እንደተረከው፣ የቤትሆቨንን «ኢምፐረር» ኮንቸርቶ እንዲቀዳ ሲጠየቅ ለመዘጋጃ 3 ዓመት፣ ለቻይኮቭስኪው ደግሞ 4 ዓመት ያስፈልገኛል ይል ነበር። ዕድሜው ለሁለቱም አልበቃም።

በ1950 ኮርቲዞን የተባለው መድኃኒት ገና አዲስ ነበር። ሊፓቲ እርሱን ወስዶ ለጥቂት ሳምንታት በረታ፤ በጁላይም የቀረጻ ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ጄኔቫ መጡለት። በሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ የባኽን የመጀመሪያ ፓርቲታ፣ የሞዛርትን የኤ ማይነር ሶናታና የሾፓንን 14 ዋልሶች ቀዳ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቤዛንሶን በምትባል ከተማ ሕዝብ ፊት ቀርቦ እነዚያኑ ሥራዎች ከሹበርት ሁለት ኢምፕሮምፕቱዎች ጋር ተጫወተ። ሐኪሙ ይቅርብህ ብሎት ነበር። ያም ምሽት በሬዲዮ ተቀድቷል። ስለዚህ አንድ ሰው አንድን ሶናታ፣ አንድ ጊዜ በስቱዲዮ፣ አንድ ጊዜ ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው በአዳራሽ፣ ሲጫወት እንሰማዋለን። እንዲህ ያለ ዕድል ለአድማጭ የሚሰጠው ቀረጻ ብቻ ነው። በአዳራሹ የነበሩት የቤዛንሶን ሰዎች እንኳ በዚያች ምሽት ሁለቱን ማነጻጸር አይችሉም ነበር።

ሶናታው ሞዛርት በ1778 ፓሪስ ላይ የጻፈው ነው። እናቱም በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ ሞታለች፤ ብዙዎች ሁለቱን ያያይዟቸዋል፤ እኔ ግን የሰውን ሥራ ከኀዘኑ ጋር እንደ ደረሰኝና ቫውቸር ማያያዝ አልወድም። መጀመሪያው ላይ ግራ እጅ አንድ ዓይነት ኮርድ ያለ ዕረፍት እየደጋገመ ይመታል፤ ቀኝ እጅ በላዩ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ኮራ ብሎ ይራመዳል። መካከለኛው ክፍል ቀስ ያለ ዜማ ነው። የመጨረሻው ደግሞ የሚሮጥ ነው፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማው የሚሮጥ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ወደ ብሩህ ቅኝት ይሻገራል፤ ወዲያው ይመለሳል። ያችን አጭር ብርሃን ሊፓቲ በጁላዩ ቀረጻ ላይ ሲጫወታት አንዳችም ነገር አይጨምርባትም፤ አላጋነናትም፣ አላባበላትም። ለዓመታት የምሰማው ይህንኑ ነበር።

ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የእኔ ሥራ ማታ ማታ ሒሳብ መዝጋት ነው፤ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል ወይም ብትተርፍ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከእንዲህ ዓይነት ጠረጴዛ የተነሣ ሰው እንከን የሌለበትን ነገር ቢወድ አይፈረድበትም። ግጥሜንም የምጽፈው እንደዚያው ነበር፤ እሰርዛለሁ፣ እፍቃለሁ፣ በመጨረሻ የሚተርፈኝ ንጹሕ ወረቀት ነው። የቤዛንሶኑን ቀረጻ አንድ ጊዜ ሰምቼ «ደከመው» ብዬ አስቀምጬው ነበር።

ወደ እርሱ የመለሰኝ ሙዚቃ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. እናታችን አሜሪካ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በካሴት መልእክት ቀድታ ልካ ነበር፤ ያን ጊዜ ደብዳቤ እንዲህ ነበር። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ። «ይቀዳል እንዴ?» ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ የጎረቤት ዶሮ ይጮሃል፤ ከዚያ ታስላለች፤ ከዚያ ሰላምታዋን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ትዘረዝራለች። እርሷ ካረፈች በኋላ ወንድሜ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር አስገልብጦ ላከልኝ። እኔም የሒሳብ ሠራተኛው፣ ሦስት ምሽት ቁጭ ብዬ አጸዳሁት። የካሴቱን ሽውታ ቀነስኩ፤ ዶሮውን አስወጣሁ፤ «ይቀዳል እንዴ»ንና ሳሉን ቆረጥኩ። ለሙት ዓመቷ እንዲሆን ብዬ ላክሁለት። ወንድም ጋሼ ደወለልኝ። አመሰገነኝ፣ ድምፁ በጣም ጠርቷል አለ። ቆየት ብሎ፣ «ሳሏን ምን አደረግኸው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ቤዛንሶንን እንደገና የከፈትኩት። ሊፓቲ ባኽን ከመጀመሩ በፊት ጣቶቹን በቁልፎቹ ላይ ከታች ወደ ላይ ያስኬዳል፤ የማንም ድርሰት አይደለም፣ ፒያኖውን መፈተኑ፣ እጁን ማሟሟቁ ነው። በገና ደርዳሪ ክሩን እንደሚሞክረው ማለት ነው። ስቱዲዮ ቢሆን ኖሮ ይህ በመቀስ የሚቆረጥ ነገር ነው። ለእኔ ግን አሁን የቀረጻው መግቢያ በር እርሱ ነው፤ ሰው እንዳለ የማውቀው በዚያ ነው። የሞዛርቱ ሶናታ እዚህ ከጁላዩ ይልቅ የቸኮለ፣ የተጨነቀ ሆኖ ይሰማኛል፤ ያች የመጨረሻው ክፍል አጭር ብርሃን ስትመጣ መታመን የሚያቅት ነገር አላት። በሾፓን ዋልሶች መካከል ኃይሉ ሲጎድል ይሰማኛል። 13ቱን ተጫወተ፤ መዝጊያው እንዲሆን ያስቀረውን የኤ ፍላት ዋልስ ግን መጫወት ተሳነው። 14 የታቀደው 13 ሆኖ ቀረ። በእኛ ቤት ቢሆን ይህ ጉድለት ይባላል።

ወዳጄ ደሙ ደርቋል ያለው ይህን ነው። እኔ ደግሞ ይህ ቀረጻ ባይኖር ኖሮ ያ ደም ቤዛንሶን ላይ በዚያችው ምሽት ፈስሶ ይቀር ነበር እላለሁ። በአዳራሹ የነበረው ሰው አንድ ጊዜ ሰማው። እኔ ሠላሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሠላሳኛውም ጊዜ 14ኛው ዋልስ ይመጣል ብዬ ጠብቄአለሁ።

ይህን ሕግ አድርጌ ግን አልደነግገውም። የሹማንን ኮንቸርቶ ሊፓቲ በ1948 ከካራያን ጋር በስቱዲዮ፣ በፌብሩዋሪ 1950 ደግሞ ጄኔቫ ላይ ከአንሰርሜ ጋር በሕዝብ ፊት ተጫውቶታል፤ ሁለቱም በእጃችን አሉ። በዚህኛው የምመርጠው የስቱዲዮውን ነው፤ ኦርኬስትራውና ፒያኖው የሚነጋገሩበትን በኋለኛው ቀረጻ ላይ የድምፁ ጥራት ማነስ ይሸፍንብኛል። ደግሞም በስም ብቻ መውደድ አደገኛ ነው። በሊፓቲ ስም በ1960ዎቹ የወጣ አንድ የሾፓን ኮንቸርቶ ሸክላ ነበረ፤ ስንቶች እንዳለቀሱበት ማን ያውቃል። በ1981 ግን ተጫዋቿ ፖላንዳዊቷ ሃሊና ቼርኒ-ስቴፋንስካ መሆኗ ተረጋገጠ። የሚገርመኝ መሳሳታቸው አይደለም፤ ስሙ ሲነሣ ሸክላውን እንደ ሐሰተኛ ብር የጣሉት ሰዎች ናቸው። ድምፁ እኮ ያው ነው፤ እርሷስ ምን በደለች?

የፊታችን እሑድ ወዳጄ ቤቴ ይመጣል። ቋንጣ ፍርፍር ይቀርባል። የቤዛንሶኑን ምሽት ከዚያች ከፒያኖ ማሟሟቂያዋ ጀምሬ አሰማዋለሁ። የኤ ፍላቱን ዋልስ ከጁላዩ ቀረጻ ወስዶ መጨረሻው ላይ መቀጠል፣ ሒሳቡም 14 ሆኖ እንዲዘጋ ማድረግ፣ አሁን በእኔ ኮምፒውተር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አልቀጠልኩትም።