ጤናችን፦ ለአንዱ የታዘዘ ለሌላው አይሆንም

ለዛሬ ስለ ፈንገስ መድኃኒት አጠቃቀም እንጨዋወታለን።

እኛ የካምፕ ሰዎች ስኳሩንም ቡናውንም ተበዳድረን ነው የምንኖረው። ደግ ልማድ ነው። ችግሩ መድኃኒትንም እንደ ስኳር ስንበዳደር ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ለክንዴ ማሳከክ ተሰጥቶኝ የተረፈ ቅባት ነበረኝ። የጎረቤቴ ልጅ አንገቷ ላይ ጭርት ሲወጣባት «እንኪ፣ ቀቢያት» ብዬ ለእናትየው ሰጠኋት። በሦስት ቀን መቅላቱም ማሳከኩም ጠፋ፤ ተመሰጋገንን። ትንሽ ቆይቶ ግን ጭርቱ እስከ ጉንጯ ሰፍቶ ተመለሰ። ክሊኒክ ስትወስዳት ቅባቱ ቤታሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ እንደሆነ ተነገራት። ስቴሮይድ መቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም። እንዲያውም የቆዳን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ እንደ ልቡ ይስፋፋል። ብዙ ዓይነት መድኃኒት የተቀላቀለበት ቅባትና ፊት ለማቅላት የሚቀባው ክሬምም ብዙ ጊዜ ይኸው ስቴሮይድ አለባቸው።

የቆዳ ጭርት በክሎትሪማዞል ወይም በማይኮናዞል ቅባት ይድናል። ምልክቱ ቢጠፋም እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ መቀባት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። የልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ግን በቅባት ብቻ አይድንም። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። በብዛት የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ነው። መጠኑ በልጁ ክብደት ስለሚለካ የታላቁ ለታናሹ አይሆንም። ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሠራል፤ ወተት ወይም በእኛ አገር የማይጠፋው የሰሊጥ ዘይት ያለበት ምግብ ይበቃል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ፀጉሩ ብቅ ሲል «ዳነ» ብሎ ማቆም በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

እህቶች ልብ በሉ! ነፍሰ ጡር ሴት ግሪሲዮፉልቪን መውሰድ የለባትም። የወሊድ መከላከያ ኪኒንንም ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ እርግዝና ካለ፣ ከተጠረጠረ ወይም የምታጠቡ ከሆነ፣ ሳይጠይቋችሁ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

አሁን ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ማሳ የምትወርዱ ወንድሞችና እህቶች ስሙን። ሱዳን ማይሴቶማ የተባለው የእግር በሽታ በዓለም በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እሾህ ከወጋ በኋላ ቀስ እያለ ያብጣል፤ መጀመሪያ ላይ ስለማያም ሰው ይንቀዋል። ቆይቶ ቀዳዳ ያበጅና ጥቁር፣ ነጭ ወይም ቢጫ ፍሬ መሰል ነገር ያወጣል። አንዳንዱ ከፈንገስ፣ አንዳንዱ ከባክቴሪያ ይመጣል። እብጠቱ ይመሳሰላል፤ መድኃኒቱ ግን ለየቅል ነው። በፈንገስ ለመጣው የሚሰጠው ኢትራኮናዞል ብዙ ወራት ይወሰዳል፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጨመርበታል። ሳይመረመሩ የጎረቤትን ኪኒን መዋጥ እግር እስከ ማስቆረጥ የሚያደርስ ጊዜ ማባከን ነው። ጫማ ማድረግ፣ እብጠቱም ትንሽ እያለ መታየት ነው የሚበጀው።

ኢትራኮናዞል የልብ ድካም ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ኃይሉን ያጠፋበታል፤ የጨጓራ ማስታገሻም ካፕሱሉ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ አሳዩ። በአፍ የሚወሰደውን ኬቶኮናዞል በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓና የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በጉበት ጉዳት ምክንያት አስጠንቅቀዋል። ቤት ውስጥ የቆየ ኪኒን ካላችሁ ለቆዳ በሽታ ብላችሁ እንዳትውጡት፤ ክሊኒክ መልሱት።

የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ምግብ እምቢ ካለው፣ በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ካመመው ወይም ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ይሂድ። ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን አይደር!

የጎረቤቴ ልጅ በትክክለኛው ቅባት ድናለች። እኔም ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የሚለምነኝን ሰው ባዶ እጁን አልመልስም፤ ተነስቼ ክሊኒክ አደርሰዋለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።