ማኅተሙን ያላስረከበ አልተሻረም



በየዓመቱ ራኩባው ሥር እንሰበሰባለን። አንድ ሰው ተነሥቶ ስም ይጠራል፤ እጅ ይወጣል፤ ጭብጨባ ይከተላል። «አዲስ የወላጅና የመምህር ኮሚቴ ተመረጠ» ተብሎ ወደየቤታችን እንበተናለን። በማግሥቱ ግን ማኅተሙ በአሮጌው ሊቀ መንበር ኪስ፣ ገንዘቡ በአሮጌው ገንዘብ ያዥ ሣጥን፣ ሮስተሩና ቃለ ጉባዔው በአሮጌው ጸሐፊ አልጋ ሥር ናቸው። ታዲያ ማን ተሻረ? ማንስ ተሾመ? እኛ የመረጥነው ስም ብቻ ነው፤ ሥልጣኑ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ርክክብ የሌለው ምርጫ ምርጫ አይደለም፤ ደንቡ አስቀድሞ ያልተጻፈ ምርጫም የጮሌዎች ጨዋታ ነው።

«ለአንድ የትምህርት ቤት ኮሚቴ ይህን ያህል ወሬ?» የሚል አይጠፋም። የኮሚቴው ሣጥን ምን እንደያዘ እንመልከት። የምንጣፍና የጠመኔ መግዣ መዋጮ አለ። የራኩባው መጠገኛ ሣርና እንጨት ሒሳብ አለ። ከሁሉም በላይ የልጆቻችን ስምና ውጤት አለ። አገሩን ጥሎ የወጣ ልጅ አራተኛ ክፍል መጨረሱን የሚመሰክርለት ሌላ ምን አለው? ካርዱ በጉዞ ይጠፋል፤ በዝናብ ይበሰብሳል። የሚቀረው ሮስተሩ ነው። የምንኖረው ደግሞ ሰው ሳይሰናበት በሚሄድበት ስፍራ ነው፤ አንዱ በሌሊት የሊቢያን መንገድ ይይዛል፣ ሌላው ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ሦስተኛው የሦስተኛ አገር ዕድል ይወጣለታል። መዝገቡን እንደ ግል ዕቃው የያዘ ጸሐፊ በሄደ ቀን የአንድ ክፍል ልጆች ዓመት አብሮት ይሄዳል።

ነገሩ በጦርነቱ ብሶ ታይቷል። በኤፕሪል 2023 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በካርቱም ውጊያ ተነሣ፤ በዲሴምበር ዋድ መደኒ ስትወድቅ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ጎረፈ። የሁለቱ ክፍላተ ሀገር ብዙ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት ሁለቱን ዘመን የሚያያይዘው ክር መዝገብ ነው። ክሩን አንድ ሰው በጉያው ከያዘው ሁላችንም በእርሱ ምሕረት ሥር ነን ማለት ነው።

በምናውቀው በአንድ ትምህርት ቤት አዲሱ ኮሚቴ ከተመረጠ በኋላ ማኅተሙ ለወራት አልተረከበም። አሮጌው ሹም «ሒሳቡን ላጣራ» ይላል፤ ሳምንት ይጠብቃሉ። «ጸሐፊው ታሟል» ይላል፤ ደግሞ ይጠብቃሉ። በዚህ መሐል የልጆች ካርድ ያለ ማኅተም ተቀመጠ። ሌባ ነው አላልንም። ሌባም ይሁን ጻድቅ፣ ልጆቹ ላይ የደረሰው ያው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል በጆሯችን እያቃጨለ ሹመትን ለሰው ጠባይ ብቻ መተው የዋህነት ነው።

አድርባዮች ሦስት መከላከያ አላቸው። አንደኛው «ስደተኛ ምን ደንብ ያስፈልገዋል? ሁሉን የሚወስኑት ኮሚሽኑና ዩ.ኤን. ናቸው» የሚል ነው። ለምን? አባቶቻችን ዕድራቸውን ያቆሙት ማን አዟቸው ነበር? የዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳኑና ድስቱ ተቆጥሮ ይረከባል። ለቀብር ደንብ ያለን ሰዎች ለልጆቻችን ትምህርት ደንብ ልናጣ ነው?

ሁለተኛው «ልምድ ያለው ሰው ይቆይ» የሚል ነው። ልምዱን ማን ጠላ? ለአንድ ወር አማካሪ ሆኖ ይቆይ፤ ማኅተሙ ግን አይቆይም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ርክክቡ ራሱ ባሊ የሚባል ታላቅ ሥርዓት አለው። ተሰናባቹ አዋቂ ስለሆነ ይቀመጥ አልተባለም፤ አዋቂነቱ ሽማግሌ ሆኖ እንዲመክር ነው የሚጠቅመው። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በ2016 በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት ሲመዘግብ እኛ የአገራችንን ትምህርት በእጃችን ይዘን ሳንጠቀምበት ተቀምጠናል።

ሦስተኛው «መንግሥት ሲያደርገው ይሻላል» የሚል ነው። አይተነዋል። ደርግ በ1976 በአዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ይተዳደሩ አለ፤ በ1984 በአዋጅ ቁጥር 260 አስተዳደራቸው ይጠናከር አለ። ከደርግ በኋላም በ2002 የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ የወላጅና የመምህራንን ኅብረት፣ ወመኅ የምንለውን፣ በየትምህርት ቤቱ አቋቋመ። ወረቀቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ስንቱ ወላጅ ነው ኮሚቴውን መዋጮ ሲጠየቅ ብቻ የሚያውቀው? ከላይ የወረደ ወረቀት ወላጁ ካልጠበቀው ወላጁን አይጠብቀውም።

እንግዲህ ደንቡ ምን ይበል? በመጀመሪያ መራጩ ይታወቅ። ልጅ ያስመዘገበ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ድምፅ ይኑረው። ወላጁ የሌለ ልጅ የሚያሳድገው ሰው፣ አክስትም ይሁን ጎረቤት፣ እንደ ወላጅ ይምረጥ። እናቶች ውኃ በሚቀዱበትና ራሽን በሚታደልበት ሰዓት ስብሰባ መጥራት እናቶችን ከምርጫ ማስወጣት ነው፤ ሰዓቱ ለእነሱ ይመቻች። በአሜሪካ ዛሬ የታወቀው የወላጅና መምህር ማኅበር በ1897 በዋሽንግተን ሲቋቋም የእናቶች ጉባዔ ነበር፤ መሥራቾቹም አሊስ በርኒና ፊቢ ኸርስት የተባሉ ሴቶች ናቸው። እኛ ዘንድ እናት የምትጠራው ራኩባው ሲለቀለቅና ቡና ሲፈላ ብቻ ለምን ይሆናል?

ሁለተኛ፣ ምርጫው በእጅ ማውጣት አይሁን። ሊቀ መንበሩ እያየው፣ ራሽን የሚጽፍለት ሰው እያየው፣ ማን ነው እጁን በነጻነት የሚያወጣው? አፉ የተሸፈነ እንስራ ለየተወዳዳሪው ይቀመጥ፤ መራጩ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ባቄላ ይጣል። ፊደል የማያውቅም ይችለዋል። እኩል ከወጡ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይጣል። ከተመዘገቡት ቤተሰቦች ግማሽ ካልተገኙ ምልዓተ ጉባዔ የለም፤ ሌላ ቀን ይቀጠር። መምህራን በኮሚቴው ውስጥ ይኑሩ፤ ነገር ግን ገንዘብ ያዡን የሚመረምረው ሰው ከወላጅ ይሁን። የአገልግሎት ዘመን አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ይህ ሁሉ የሚጻፈው ተወዳዳሪዎቹ ሳይታወቁ ነው፤ ስም ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ለሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ርክክብ ነው። ምርጫው በተፈጸመ በ7 ቀን ውስጥ፣ ሦስት ምስክሮች ባሉበት፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ በአደባባይ ይፈጸም። ሦስት ዝርዝር ይዘጋጅ፤ የንብረት፣ የገንዘብ፣ የሰነድ። ገንዘቡ ጮክ ተብሎ ይቆጠር። ገንዘብ በሣጥን ማኖር ምን እንደሚያመጣ በዲሴምበር 2024 ታይቷል፤ አሮጌው የ500 እና የ1000 ፓውንድ ኖት በገዳሪፍና በከሰላ እንዲለወጥ የተሰጠው ጊዜ የሳምንታት ብቻ ነበር፤ ማን ዘንድ ስንት እንዳለ የማያውቅ ማኅበር በዚያን ጊዜ ወረቀት ታቅፎ ይቀራል። አስረካቢና ተረካቢ በሁለት ቅጂ ይፈርሙ። ተረካቢው ያልቆጠረውን አይፈርም፤ አስረካቢውም ፊርማ ሳይቀበል ነጻ ወጣሁ አይበል። የሮስተሩ ግልባጭ ሁልጊዜ በምክትሉ እጅ ይኑር፤ አንዱ በሌሊት ቢሄድ ሌላው ያለ ጨለማ ይቀጥላል።

ወገኖች! በሚመጣው ስብሰባ ጭብጨባው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ደንቡ የት ተጽፏል? መራጩ ስንት ነው? ርክክቡ መቼ ነው? መልስ ካላገኛችሁ እጃችሁን አታውጡ። ይህን መጠየቅ ለማንም ጠላትነት አይደለም። ሰው ያልፋል፣ ካምፕ ይዘጋል፣ ድንበር ይከፈታል፤ የልጁ ስም ግን በመዝገብ ላይ መቆየት አለበት።