ገጣባ አህያ አይጫን

በመርካቶ እህል በረንዳ ጀርባው የቆሰለ አህያ መጫን የለበትም። ይህን የምንለው ለባለ አህያው ብቻ አይደለም። ጭነቱ የነጋዴው ነው፤ ገበያውን የሚያስተዳድረው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። ሦስቱም ይጠየቃሉ፤ ከሦስቱ አቅሙ ያነሰው ደግሞ ባለ አህያው ነው።

ማለዳ እህል በረንዳ የደረሰ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። የጤፍና የስንዴ ማዳበሪያ ከመኪና ይወርዳል፣ አህያ ላይ ይጫናል፣ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ቸርቻሪ ሱቅ ይሄዳል። መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ አህያውን በቀላሉ የሚተካ የለም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከአጫጫኑ ነው። ማዳበሪያው ያለ ምንም ማደላደያ አከርካሪው ላይ ያርፋል፤ የናይለን ገመዱ ደረቱን ሰርስሮ ይይዘዋል፤ በጭራው ሥር የሚያልፈው ሲባጎ ቁልቁለት በወረደ ቁጥር ይቆርጠዋል። አከርካሪው ላይ አጥንቱን የሚሸፍን ሥጋ ስለሌለ ቆዳው በጭነቱና በአጥንቱ መካከል ይጨፈለቃል፤ ደም ያጣል፣ ይሞታል፣ ይላጣል። ገጣባ የሚሆነው እንዲህ ነው። በማግስቱ ሲጫን ሊደርቅ የጀመረው ቅርፊት ይነሳል። በዚህ ሁኔታ የከረመ ቁስል እስከ አጥንት ይዘልቃል።

ባለ አህዮች ቁስሉ ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሲያፈሱ፣ ዙሪያውን በጋለ ብረት ሲተኩሱ ይታያል። የሚያደርጉት እንስሳው እንዲድንላቸው ፈልገው መሆኑን አንጠራጠርም። ግን ዘይቱ ቆዳውን ይለበልበዋል፣ ብረቱም በቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል። የሚበጀው ሕክምና ከዚህ ይቀላል። ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፤ በግማሽ ሊትሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ማጠብና ከዝንብ መጠበቅ፤ የጠለቀውን ወይም መግል የያዘውን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ማሳየት። ከዚያ በኋላ እረፍት ነው። ጭነቱ ካልተነሳለት የትኛውም መድኃኒት አያድነውም።

አህያ ሕመሙን ችሎ የሚደብቅ እንስሳ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን ጥሎ ሲቆም ብዙዎች ደክሞት ይመስላቸዋል። መብላት ካቆመ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ ወደ ደሙ ይለቅና ጉበቱ ተጎድቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ያልበላ አህያ ሲታይ ነገን መጠበቅ አያስፈልግም።

ይሁንና እረፍት ገንዘብ ይጠይቃል። ባለ አህያው የሚከፈለው በምልልስ ነው፤ አህያው በቆመበት ቀን ለልጆቹ የሚያስገባው አይኖርም። እንዲህ ያለውን ሰው "አሳርፈው" ብሎ ማለፍ ሸክሙን ሁሉ በደካማው ላይ መጣል ነው። እህሉ በደህና ሲደርስ የሚያተርፈው ነጋዴ ከእያንዳንዱ ኩንታል ጥቂት ሳንቲም ቢያዋጣ የቆሰለ አህያ ላለው ሰው የእረፍት ቀናቱን መካስ ይቻላል። ማደላደያውም ከነጋዴው አቅም በላይ አይሆንም፤ ጆንያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቆ ሁለት ረጃጅም ትራሶች መስፋት፣ በመካከላቸው አከርካሪውን የማይነካ ክፍተት መተው፣ የናይለኑን ገመድ በሰፊ ጠፍር መለወጥ ነው። ከአሮጌ ጎማና ከቁርጥራጭ ብረት ስንት ዕቃ የሚያወጡት የምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ይህ አያቅታቸውም።

መርካቶ አቅራቢያ ዘ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት አህዮችን በነጻ የሚያክምበት ክሊኒክ አለ። የሐኪሞቹን ድካም እናከብራለን። ጠዋት የታጠበ ቁስል ከሰዓት በኋላ ተመልሶ እዚያው ገመድ ሥር ከገባ ግን ድካማቸው ከንቱ ይቀራል።

ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. የተዘጋው ሕዝቡ ስለተቆጣ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም ለቆዳው ሲባል አህያ መታረዱ በአህጉሩ እንዲቆም ወስነዋል። ሁለቱም የሚያኮሩ ውሳኔዎች ናቸው። ኢትዮጵያ 10 ሚሊዮን ገደማ አህዮች ያሏት፣ በብዛታቸውም ከዓለም ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። ለታረደው አህያ የተነሳው ቁጣ ግን በየቀኑ በፊታችን ደም እያዠ ለሚያልፈው አልተነሳም።

አርጅቶ ወይም ቆስሎ መሥራት ያቃተው አህያ ደግሞ መንገድ ዳር ይለቀቃል። አዲስ አበባ ሌሊት ጅብ የሚዞርባት ከተማ ናት፤ ቆሞ መሄድ ያቃተው እንስሳ ምን እንደሚገጥመው የለቀቀውም ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማዋን እህል ያመላለሰ ፍጥረት በሕይወት ሳለ እንዲበላ መተው ግፍ ነው፤ ሌላ ስም አንሰጠውም። የተጣሉት ተሰብስበው የሚታከሙበት፣ መዳን የማይችሉትም በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ የሚያርፉበት ቦታ ክፍለ ከተማው ይስጥ። ሰፊ መሬት አያሻም፤ አጥር፣ ጥላና ውሃ ያለው ግቢ ይበቃል።

ይህ እስኪሆን ድረስ አዲስ ከተማ ነገ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ አለ። እህል በረንዳ፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ ጭነት የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ይመደብ። ማዳበሪያው ከመነሳቱ በፊት የአህያውን ጀርባ፣ የደረቱን ሥርና የጭራውን ሥር ይመልከት፤ ቁስል ካገኘ እህሉ በጋሪ ይሂድ፣ አህያው ወደ ክሊኒኩ።