«ዋና መሥሪያ ቤት» በስፓኒሽ ሲተረጎም፦ ከአዋሽና ከሰመራ በሚወጡ ሰነዶች ላይ ምን ልዩነት ያመጣል?

ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ ስፓኒሽ ወደሚነገርባቸው አገሮች የሚላክ ሰነድ በትርጉም ጊዜ ከሚሰናከልባቸው ቃላት አንዱ «ዋና መሥሪያ ቤት» ነው። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሰነዱን የሰጠው አካል የት እንደሚገኝ፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነና መዝገቡ የት እንደተቀመጠ ለተቀባዩ የሚያመለክተው ይኸው ቃል ነው። ትርጉሙ ከተዛባ ሰነዱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ የማረጋገጫ ጥያቄው መዝገቡ ወደሌለበት ቢሮ ይላካል። ከሰመራ ተነሥቶ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚደርስ ባለጉዳይ ይህ ስሕተት የቀናት ጊዜና የትራንስፖርት ወጪ ያስከትላል።

ስፓኒሽ ለአገራችን እንግዳ ቋንቋ አይደለም። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በኩባ ተምረዋል፤ የትምህርት ማስረጃዎቻቸውም በስፓኒሽ የተጻፉ ናቸው። ቋንቋው ከአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎችም አንዱ ነው። የኅብረቱ መመሥረቻ ሰነድ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ እንደሚሆን በአንቀጽ 24 ደንግጓል፤ በስፓኒሽም ይህን ለመግለጽ የሚያገለግለው ቃል «ሴዴ» ነው።

አንድ የአማርኛ ቃል፣ በርካታ የስፓኒሽ ቃላት

«ሴዴ» መቀመጫ ማለት ሲሆን ለመንግሥታዊና ለዓለም አቀፍ ተቋማት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን ሲቆም ሁልጊዜ ዋናውን ቤት አያመለክትም። ለምሳሌ የኮሎምቢያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በቦጎታ፣ በሜዴሊን፣ በማኒሳሌስና በፓልሚራ ያሉትን ካምፓሶቹን ሁሉ «ሴዴ» እያለ ይጠራቸዋል። ስለዚህ ተቋሙ ቅርንጫፎች ያሉት ከሆነ «ሴዴ ሴንትራል» ማለት፣ ማለትም ማዕከላዊ መቀመጫ መሆኑን መግለጽ፣ ጥርጣሬን ያስቀራል።

ለንግድ ማኅበራት ግን ጉዳዩ ይለያል። በንግድ ሕጋችን መሠረት የማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ ዋና መሥሪያ ቤቱን፣ ቅርንጫፎች ካሉትም ቅርንጫፎቹን ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ ቃሉ በሕግ የተመዘገበ አድራሻን ስለሚያመለክት፣ በስፔን ሕግ የሚቀርበው አቻ «ዶሚሲሊዮ ሶሲያል» ነው። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች የሚሠራበት «ካሳ ማትሪስ» ደግሞ ቅርንጫፎች ያሉትን ዋናውን ቤት ያመለክታል። «ኳርቴል ኼኔራል» የሚለው በዋናነት የጦር ሠራዊት ቃል ነው፤ በእኛ አነጋገር ጠቅላይ ጦር ሰፈር እንደ ማለት ይሆናል። በሲቪል መሥሪያ ቤት ወይም በንግድ ማኅበር መደበኛ ሰነድ ላይ ሊገባ አይገባም።

የአዋሽ ምሳሌ

የአዋሽ ሰባት ኪሎ ታሪክ ከባቡር መሥመሩ የማይነጠል ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዋሽ ከዋና ዋና ጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች። ሐዲዱም፣ ጣቢያዎቹም፣ አብዛኛው ሠራተኛም እዚህ እያሉ፣ የባቡር ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን በፓሪስ ቆይቷል። ወደ አዲስ አበባ የተዛወረው በ1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ባደረጉት ስምምነት ነው። በዝውውሩ በአዋሽ ጣቢያ የሚያልፈው ባቡር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኩባንያው የሚተዳደርበት ሕግ ነበር። እንዲህ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት በስፓኒሽ ሲገለጽ «ዶሚሲሊዮ ሶሲያል» መባሉ ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

«አዋሽ» የሚለው ስምም ለብቻው ጥንቃቄ ይሻል። ስሙ የወንዝ፣ የከተማ፣ የብሔራዊ ፓርክና የባንክ መጠሪያ ነው። የአዋሽ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በአዲስ አበባ እንጂ በአዋሽ ከተማ አይደለም። አገሩን የማያውቅ ተርጓሚ የተቋሙን መጠሪያ የከተማ አድራሻ አድርጎ ሊወስደው ስለሚችል ሁለቱ ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

የሰመራ ምሳሌ

ሰመራ የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ርዕሰ ከተማ በስፓኒሽ «ካፒታል» ይባላል፤ ይኸው ቃል ከፊቱ በሚገባው መስተአምር ሲለይ የገንዘብ ካፒታልንም ያመለክታልና በንግድ ሰነድ ላይ ማስተዋል ያሻል። ከዚህ ይልቅ የሚያመዝነው ስሕተት ግን የክልል ቢሮን «ሱኩርሳል» ብሎ መተርጎም ነው። ሱኩርሳል የአንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ማለት ነው። በፌዴራል ሥርዓታችን የክልል ቢሮ የክልሉ መንግሥት አካል እንጂ የፌዴራል ሚኒስቴር ቅርንጫፍ አይደለም። ቅርንጫፍ ተብሎ ከተተረጎመ የውጭው ተቀባይ ማረጋገጫውን አዲስ አበባ ካለው ሚኒስቴር ይጠይቃል፤ መዝገቡ ግን በሰመራ ነው። በአንጻሩ አንድ የፌዴራል ተቋም በሰመራ የከፈተው ጽሕፈት ቤት በእርግጥም ቅርንጫፍ ስለሆነ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ መሆኑ አብሮ ሊጠቀስ ይገባል።

ከሰመራ በፊት የክልሉ ርዕሰ ከተማ አሳይታ ነበረች። በዚያን ጊዜ የተሰጠ ሰነድ በትርጉሙም አሳይታን እንደያዘ መቆየት አለበት። ተርጓሚው አድራሻውን «ለማሻሻል» ሰመራ ብሎ ቢተካው ትርጉሙና ዋናው ሰነድ ይለያያሉ፤ ይህም ሰነዱን ለጥርጣሬ ያጋልጣል።

ተገልጋዮች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሰነድዎን ለትርጉም ከመስጠትዎ በፊት የሰጠው አካል የክልል ቢሮ፣ የፌዴራል ተቋም ቅርንጫፍ ወይስ የንግድ ማኅበር መሆኑን ለተርጓሚው ይግለጹ። የተቋሙ ስምና የከተማው ስም በየራሳቸው ቦታ መጻፋቸውን ያረጋግጡ። ከተቻለ የተቋሙ የአማርኛ መጠሪያ በላቲን ፊደል ተጽፎ ከስፓኒሹ ጎን እንዲቀመጥ ይጠይቁ፤ የሚያጣራው አካል ትክክለኛውን ቤት በቀላሉ ያገኘዋል።

ተቀባዩ አገር የሚፈልገውን የትርጉም ዓይነት አስቀድሞ መጠየቅም ተገቢ ነው። ለምሳሌ በስፔን የመሐላ ተርጓሚዎችን የሚሾመው የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለሆነ፣ በሌላ ተርጓሚ የተሠራ ሰነድ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። የሚመለከተው ኤምባሲ የሚጠይቀውን አውቆ መነሣት ድጋሚ ወጪን ያስቀራል።

የአፋርኛ ቋንቋ ተጠቃሚዎችም ይህን ጉዳይ በቅርበት ሊከታተሉት ይገባል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን ያመለክታል። ሰነዶች በአፋርኛና በአማርኛ ጎን ለጎን በተዘጋጁ ቁጥር «ዋና መሥሪያ ቤት»፣ «ቅርንጫፍ» እና «ቢሮ» በሁለቱም ቋንቋዎች ወጥ አቻ ሊኖራቸው ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ ያልተለየ ቃል በውጭ አገር ቋንቋ ሊለይ አይችልምና።