የሰፈር መንገድ ወጪ በማን ይሸፈን?

በአንድ ከተማ ውስጥ የሰፈር መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ መንገዱ አያስፈልግም ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም። ክርክሩ የሚጀመረው «ወጪውን ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ የተነሣ ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ ነዋሪው ማዘጋጃ ቤቱን፣ ማዘጋጃ ቤቱም ነዋሪውን ይወቅሳል፤ ስብሰባው ያለ ውሳኔ ይበተናል፤ ክረምቱም ክርክሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ይገባል። ወጪውን ሁለቱም ወገኖች መካፈል አለባቸው። ነገር ግን መዋጮው ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው፤ አንደኛ፣ ክፍፍሉ የእያንዳንዱን ጥቅምና አቅም የተከተለ ሲሆን፣ ሁለተኛ፣ ሒሳቡ ከሥራው በፊትም ከሥራው በኋላም ለሕዝብ ሲገለጥ። ይህ ለምን እንደሆነ እስቲ አብረን እንመርምር።

ለምሳሌ አቀስታን እንውሰድ። አቀስታ በደቡብ ወሎ የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውም አውራ መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል። አገሩ ደጋ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ያልተነጠፈ የሰፈር መንገድ ይላቁጣል፤ ጎርፉ መውረጃ ሲያጣ የእግረኛውን መተላለፊያ ይቦረቡራል። በገበያ ቀን ገብሱን በአህያ ጭኖ፣ በጉን እየነዳ የሚመጣው ገበሬ በእግሩ የሚጓዝ ነው። ተማሪውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ምርኩዝ የያዘው ሽማግሌም እንዲሁ በእግራቸው ይሄዳሉ። እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ከተማ የእግረኛ መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የብዙኃኑ መተላለፊያ ነው።

ወጪው የማን እንደሆነ ለመወሰን በመጀመሪያ መንገዶችን መለየት ያስፈልጋል። ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው አውራ መንገድ የአንድ ከተማ ነዋሪ ዕዳ አይደለም፤ የሚሠራውና የሚጠገነው በመንግሥት በጀት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም፣ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለመንገድ ጥገና እንዲውል ተደንግጎ ነበር። በዚያ አዋጅ መሠረት ከገንዘቡ 70 ከመቶው ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 ከመቶው ለክልሎች፣ 10 ከመቶው ደግሞ ለከተሞች የተመደበ ነበር። ከዚህ ክፍፍል እንደምንረዳው ለከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ከማዕከል የሚደርሰው ድርሻ ትንሹ ነው። የቀረውን ከተማው ከራሱ ገቢ መሸፈን ይኖርበታል። ክርክሩም የሚነሣው በዚህ ቀሪ ሒሳብ ላይ ነው።

አሁን የነዋሪውን ወገን ክርክር እንስማ። ነዋሪው እንዲህ ይላል፤ «እኔ ግብር ከፋይ ነኝ። የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር በአዋጅ ቁጥር 80 ከተደነገገበት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ግብር ሲጠየቅ ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ነጋዴውም የንግድ ግብሩን ይከፍላል። ታዲያ መንገድ ለማሠራት እንደ ገና አዋጣ ከተባልሁ፣ ቀድሞ የከፈልሁት ምን ሆነ?» ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሰው ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንዲከፍል መጠየቅ የለበትም፤ ከተጠየቀም ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል።

ማዘጋጃ ቤቱም የራሱ መልስ አለው። «የምንሰበስበው ገቢ ለጽዳት፣ ለመብራት፣ ለሠራተኛ ደመወዝና ለሌላም አገልግሎት ይከፋፈላል። ባለን ገንዘብ በዓመት ልንሠራ የምንችለው ጥቂት መንገድ ነው። ነዋሪው ካዋጣ ግን ተራው ሳይደርስ የሚቀር ሰፈር አይኖርም። ደግሞም መንገድ በደጁ የተሠራለት ሰው ቤቱ ዋጋ ያወጣል፤ ሱቁም ገበያ ያገኛል። የተጠቀመ ቢያዋጣ ምን ነውር አለው?» ይላል። ይህም እውነት ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ከተሞች የተስፋፋው የጌጠኛ ድንጋይ ወይም የኮብልስቶን ንጣፍ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ድንጋዩ ከአካባቢው ይፈለጣል፤ ወጣቶች ተደራጅተው ይጠርቡታል፤ ያነጥፉታል። በብዙ ሰፈሮች ከወጪው ከፊሉን ያዋጣው ነዋሪው ራሱ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራምም 117 ከተሞችን ያቀፈ ሲሆን፣ ከተሞቹ ከራሳቸው ገቢ ድርሻ እንዲያዋጡ የሚጠይቅ ነበር። እንግዲህ በጋራ ማዋጣት ለአገራችን እንግዳ አሠራር አይደለም።

ስለዚህ «አላዋጣም» ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ «አዋጡ» ማለትም ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። ጥያቄው «እንዴት እናዋጣ?» የሚል መሆን አለበት።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ በሒሳብ እንሥራ። ርዝመቱ 150 ሜትር የሆነ አንድ የሰፈር መንገድ አለ እንበል። በግራና በቀኙ 30 ቤቶች ይገኛሉ፤ የቤቶቹ የፊት ርዝመት ተደምሮ 300 ሜትር ይሆናል። ከጠቅላላው ወጪ የነዋሪው ድርሻ 600,000 ብር ነው እንበል። ገንዘቡ በቤት ቁጥር እኩል ከተካፈለ እያንዳንዱ ቤት 20,000 ብር ይደርሰዋል። በአንደኛው ጫፍ ባለ 5 ሜትር ደጅ ቤት ውስጥ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ እናት አለች፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ የፊት ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ ሆቴል አለ። ሁለቱም 20,000 ብር ይክፈሉ ማለት እኩልነት ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንዱ የአንድ ሳምንት ገቢ የሆነው ገንዘብ ለሌላዋ የብዙ ወራት እንጀራ ሊሆን ይችላል። ክፍፍሉ በፊት ርዝመት ቢሆን ግን ለእያንዳንዱ ሜትር 2,000 ብር ይመጣል፤ እናቲቱ 10,000 ብር፣ ሆቴሉ 60,000 ብር ይከፍላሉ። ሁለተኛው አከፋፈል ለእውነት ይቀርባል፤ በሆቴሉ ፊት የሚነጠፈው ድንጋይ በእናቲቱ ደጅ ከሚነጠፈው ስድስት እጥፍ ነውና።

ይሁን እንጂ የሜትር ስሌትም የራሱ ጉድለት አለው። በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ የሆነው ይህን ያስረዳናል። በዚያች ከተማ የእግረኛ መንገድን የመጠገን ኃላፊነት የተጣለው በየደጁ ባለ ንብረት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የከተማው ሕዝብ በድምፅ ወስኖ፣ ባለ ንብረቶች ዓመታዊ ክፍያ እንዲከፍሉና ከተማው የእግረኛ መንገዶቹን ራሱ እንዲሠራና እንዲጠግን አደረገ። ክፍያው በፊት ርዝመት እንዲሰላ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ቤታቸው በማዕዘን ላይ በመሆኑ ሁለት መንገድ የሚነካቸው፣ ይዞታቸውም ረጅም የሆነ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው እጅግ የበለጠ ሊከፍሉ ሆነ። ቅሬታው ስለ በዛም የከተማው ምክር ቤት ስሌቱን አሻሻለ፤ አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች በዓመት 150 ዶላር እንዲከፍሉ ተደረገ። ሀብታም በሆነ አገርም ቢሆን የአከፋፈል ጥያቄ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

እኛ ዴንቨርን እንዳለ እንቅዳ ማለት አይደለም። እንደ አቀስታ ባለ ከተማ በሆቴል ባለቤትና በጉሊት ነጋዴ መካከል ያለው የኑሮ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ በሜትር ማስላቱ ይሻላል። ስሌቱ ግን ልጓም ያስፈልገዋል። በማዕዘን ላይ ያለ መኖሪያ ቤት በአንድ ወገኑ ብቻ ይታሰብለት። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ችግረኞች በጎረቤት ምስክርነት ከክፍያ ነጻ ይሁኑ። ገንዘብ የሌለው ግን ጉልበት ያለው ሰው ድንጋይ በማቅረብ ወይም አፈር በመቆፈር የሠራበት ቀን በብር ተተምኖ ይያዝለት። ወሎ ደቦንና ወንፈልን የሚያውቅ አገር ነው፤ የጉልበት መዋጮ ከገንዘብ መዋጮ ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም።

ከዚህ ሌላ ሙሉ በሙሉ በማዘጋጃ ቤቱ ሊሸፈኑ የሚገባቸው ሥራዎች አሉ። የጎርፍ መውረጃ ቦይ የአንድ ደጅ ጉዳይ አይደለም፤ ከላይኛው ሰፈር የተነሣው ውሃ የሚያጥለቀልቀው የታችኛውን ሰፈር ነው። የመንገድ መጋጠሚያዎች፣ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ፊት ያሉ የእግረኛ መንገዶችም የሁሉ ናቸው። ወደ ገበያ የሚያስገባው መንገድ ደግሞ ከማንም በላይ የሚያገለግለው ከገጠር የሚመጣውን ሰው ነው፤ እርሱም በስብሰባው ላይ ወንበር የለውም። ስለ እርሱ ሊያስብ የሚችለው ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ነው።

ወጪ ስንል ብርን ብቻ ማሰብም አይገባንም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ መራመድ ለሚወድ ሁሉ የሚያስደስት ሥራ ነው። በዚያው መጠን በመንገዱ ዳር የነበሩ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል፤ ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ጎረቤቶችም ተለያይተዋል። በትንሽ ከተማም የእግረኛ መንገድ ሲጠረግ መጀመሪያ ተነሽ የምትባለው ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ የምትሸጠው ሴት ናት። ለእርሷ ሌላ መሸጫ ቦታ ማዘጋጀት ከመንገዱ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ካልታሰበ ሳይመዘገብ የቀረውን ወጪ የምትከፍለው እርሷ ትሆናለች።

አሁን ወደ ሒሳብ መግለጥ ጉዳይ እንምጣ። ከለጋምቦ በስተሰሜን በተንታ በኩል መቅደላ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያመጡ፣ የበሽሎን ሸለቆ የሚያሻግር መንገድ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተደለደለ ተሠርቷል፤ ንጉሡም ራሳቸው በገዛ እጃቸው ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ ነበር። ያ መንገድ የተሠራው በንጉሥ ትእዛዝ ነው፤ በላቡ የሠራው ሰው ፈቃዱን አልተጠየቀም፤ ሒሳብም አልጠየቀም። ዛሬ ግን ነዋሪው ተሰብስቦ አዋጣ ይባላል። አዋጣ የተባለ ሰው ደግሞ «በስንት? ለምን? በማን እጅ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ለዚህ የሚሆን አርአያ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በወሎ ቅሬ የምንለውን የመረዳጃ ማኅበር ተመልከቱ። የቅሬ አባል መዋጮውን የሚከፍለው ተገዶ ሳይሆን፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ስለሚያውቅ ነው። ከሳጥኑ የወጣው ለማን እንደ ዋለ በአባላቱ ፊት ይነገራል። ማዘጋጃ ቤቱም ከነዋሪው ገንዘብ ሲጠይቅ እንዲሁ ማድረግ ይችላል። ከሥራው በፊት የድንጋዩን፣ የአሸዋውን፣ የጉልበቱንና የመጓጓዣውን ግምት ለይቶ በሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ነዋሪው የመረጣቸው ሰዎች ግዢውን ይከታተሉ። ሥራው ሲያልቅ የተሰበሰበው፣ የወጣውና የተረፈው ይነበብ። ለጥገና የሚሆንም ትንሽ ገንዘብ ይቀመጥ፤ አንድ ድንጋይ ሲነቀል ካልተተካ ጎረቤቱን ይዞ ይወጣልና።

አንዳንድ ሰዎች «ሕዝብ ሒሳብ እንዲመረምር ከተፈቀደ ሥራው ይጓተታል» ይላሉ። መጓተት ሊኖር ይችላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ አዋጥቶ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ያላወቀ ሰው በሁለተኛው ጥሪ ላይ ኪሱን አይፈታም፤ ያኔ ሥራው ከመጓተት አልፎ ይቆማል። በሌላ በኩል ሒሳቡን በግልጽ ያየ ነዋሪም ሰበብ መደርደር አይገባውም። ድርሻውን ሳይከፍል በጎረቤቱ ገንዘብ በተነጠፈ ድንጋይ ላይ የሚራመድ ሰው በሌላው ላብ የሚኖር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳዎቹም ሲይዙት ነው።

እናንተም በዚህ ጉዳይ የምታበረክቱት አለ። የሰፈራችሁን መንገድ በእርምጃ ለኩ፤ በሁለቱም ወገን ያሉትን ቤቶች ቁጠሩ፤ ጎርፉ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ልብ በሉ። ምርኩዝ የያዘ ሰው የሚደናቀፍበትን ቦታ መዝግቡ። ከዚያም ያገኛችሁትን ለወላጆቻችሁ አስረዱ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ወላጆቻችሁ በጩኸት ፈንታ ቁጥር ይዘው ይቅረቡ። ነዋሪው ቁጥሩን፣ ማዘጋጃ ቤቱም ሒሳቡን ይዞ ከመጣ፣ ወጪው በማን ይሸፈን የሚለው ክርክር ክረምት ሳይገባ መልስ ያገኛል።