ደብተሩማ ሞልቷል፤ ልጁስ?

መምህራን ወዳጆቼ ብትቀየሙኝም ልናገረው፦ ሰሌዳ ሞልቶ ኖት መጻፍና ተማሪን ማስገልበጥ ማስተማር አይደለም። የጽሕፈት ሥራ ነው። እሱንም ፎቶኮፒ ቤት ያለው ልጅ ከኛ በተሻለ ፍጥነት ይሠራዋል።

በየክረምቱ "ፈጠራ የታከለበት የማስተማር ዘዴ" የሚባል ስልጠና እንወስዳለን። ካርቶን እንቆርጣለን፣ በቀለም እናስጌጣለን፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈን ፎቶ እንነሣለን፣ አበል ፈርመን እንለያያለን። መስከረም ላይ ክፍል ስንገባ ግን የመጀመሪያው ቃላችን ያው ነው፦ "ደብተር አውጡ፣ ጻፉ!" ካርቶኑ አቧራ ለብሶ እስከ ሰኔ ይሰቀላል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። ኖቱ 20 ደቂቃ ይወስዳል። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ያለው ትምህርት 100 ደቂቃ በግልበጣ ያልቃል ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ስትደምሩት የትምህርት ዘመኑ ግማሽ ነው። ግማሽ ዓመት! ስም መጥራቱን፣ ሰሌዳ ማጥፋቱን፣ "ቲቸር፣ ያቺ ቃል ምን ትላለች?" የሚለውን ሳንቆጥር።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ አለ፣ ኮቪድ አለ፣ ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው መምህር አለ። ሁሉንም ኖት ላይ አልጭንም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እነዚያ ልጆች ደብተር አልጎደለባቸውም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ሲገለብጡ ነው ያደጉት። የጎደለባቸው ያላዩት ጥያቄ ሲመጣ ቁጭ ብሎ ማሰብን መለማመድ ነው። እሱን ደግሞ ከሰሌዳ መገልበጥ አይቻልም።

አሁን መልሳችሁን አውቀዋለሁ። "ወንድሜ፣ መጽሐፍ በሌለበት ምን እናድርግ?" ትላላችሁ። እውነት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ሳይደርስ ስንቱ ልጅ በአባቱ ስልክ ከቴሌግራም በወረደ ፒዲኤፍ እንደተማረ እኔም አይቻለሁ። ግን አንድ ዴስክ ላይ አንድ መጽሐፍ እንኳ ካለ ለሦስት ልጅ ይበቃል። አንዱ አንድ አንቀጽ ያነባል፣ ሁለተኛው በራሱ አባባል ይናገረዋል፣ ሦስተኛው ጥያቄ ያወጣበታል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ጨርሶ መጽሐፍ ከሌለ ደግሞ አምስት መስመር ጻፉላቸው። አምስት! ሁለት ሰሌዳ አይደለም። የቀረውን ልጆቹ በገባቸው መንገድ ይጻፉት።

"70 ተማሪ ይዤ ነው እንዴ የምጫወተው?" ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ 70 ስለሆኑ ነው የምላችሁ። ኖት ሲገለበጥ ከ70ው ማን እንደገባው በምን ታውቃላችሁ? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤ የገባውም ያልገባውም አንድ ይመስላል።

ሰበብ ብቻ አልነቅፍም፤ የምሠራባቸውን ልንገራችሁ። ፕሮጀክተር አይጠይቁም፣ በጀትም አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የተሳሳተውን መልስ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። 1/2 + 1/3 = 2/5 ብላችሁ ጻፉና ዝም በሉ። ግማሹ ክፍል "ልክ ነው" ይላል። ከዚያ እንጀራ አምጡ፤ በቃል ነው እንጂ በትሪ አላልኩም። "ግማሽ እንጀራ በላህ። ሲሶ ጨመርኩልህ። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል። ጨምሬልህ እንዴት አነሰብህ?" ክፍሉ ይታመሳል። ያን ጊዜ የጋራ ታሕት ለምን እንደሚያስፈልግ ራሳቸው ይጠይቋችኋል። ሳይጠይቁ የተነገራቸው ግን እስከ ፈተናው ማግስት እንኳ አይቆይም።

ሁለተኛ፣ ከሙከራ በፊት አስወራርዱ። ድንጋይና አንድ ሉህ ወረቀት ያዙ። "እኩል ብለቃቸው ማን ይቀድማል?" እጅ አስወጡ፣ ድምፁን ሰሌዳ ላይ መዝግቡ። ድንጋዩ ይቀድማል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ ወረቀቱን ጨብጣችሁ አድቦልቡሉትና እንደገና ልቀቁ። ክብደቱ አልተለወጠም፤ ታዲያ አሁን ለምን አብሮ ደረሰ? ስለ አየር ግጭት ከሚጻፍ አንድ ገጽ ኖት ይልቅ ይህ የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ እንቆቅልሽ። ያደግንበትን ጨዋታ ለምን በር ላይ ጥለነው እንገባለን? ምዕራፍ ሲያልቅ እያንዳንዱ ዴስክ ከተማረው አንድ እንቆቅልሽ ይፍጠር። አንዲት ልጅ "ጭስ የሌለው ማድቤት፣ እሳቱ ከሰማይ፣ ምግቡ ከቤት" ብላ ክፍሉን አስጨነቀችው። መልሱ ቅጠል ነው። ይህን ለመፍጠር ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ምግቡ የት እንደሚሠራ ማወቅ ነበረባት። ያቃተው አገር ይሰጣል፤ ጎንደርና ሐረር ሲሰጡ ሲሳሳቁ ክለሳው ያልቃል።

አራተኛ፣ ዕጣ። ስማቸውን በወረቀት ቆርጣችሁ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱ። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ጸጥታ፣ ከዚያ ከጎን ካለው ልጅ ጋር መነጋገር፣ በመጨረሻ ዕጣ ማውጣት። የፊት ዴስክ ልጆች ብቻ የሚማሩበት ክፍል ያን ቀን ያበቃል።

አምስተኛ፣ ሊደወል ሦስት ደቂቃ ሲቀር ብጣሽ ወረቀት። አንድ የገባኝ፣ አንድ ያልገባኝ። ስም አያስፈልግም። ስታፍ ውስጥ ሻይ እየጠጣችሁ በሦስት ክምር ለዩት፦ ገብቷል፣ ተምታቷል፣ አልገባም። የነገው ሌሰን ፕላን እሱ ነው።

"ባህላችን ሽምደዳ ነው፤ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚለኝ ሰው ደግሞ አለ። ቅኔ ቤትን ረስተኸዋል ወይ? እዚያ ተማሪው ቅኔ ይቆጥራል፤ የራሱን፣ አዲስ። ከዚያ መምህሩ ፊት ሄዶ ይነግራል፣ መምህሩ ያርማል፣ ያቃናል። የትናንቱን ወይም የሌላውን ደግሞ ቢያቀርብ የሚያከብረው የለም። ፊደልና ዳዊት ላይ በቃል ማጥናት አለ፣ አልክድም፤ ግን እላዩ ላይ ፈጠራን ግዴታ ያደረገ ትምህርት ቤት ነበረን፣ ዛሬም አለን። ፈረንጅ አላመጣልንም።

መሣሪያ ፈጠራ እንዳልሆነም አይተናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የገባውን ፕላዝማ የተማራችሁበት ታስታውሳላችሁ። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። ያልገባው ቀረ። መምህሩ ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ሆኖ ተቀመጠ። ዛሬ ኖት የሚያስገለብጥ መምህር ያንኑ ፕላዝማ ነው፤ ልዩነቱ በጠመኔ መሥራቱ ነው።

ጥፋቱ ግን የመምህሩ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ሱፐርቫይዘር ክፍሌ ገባ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ልጆቹ በአንድ ጥያቄ ለሁለት ተከፍለው ሲሟገቱ 40 ደቂቃ ሙሉ ተቀምጦ አየ። የሰጠኝ አስተያየት አንድ መስመር ነበረች፦ "የተማሪዎች ደብተር ኖት ይጎድለዋል።" እንዲህ እየተመዘነ መምህሩ ምን ያድርግ? የሚለካው ደብተር ከሆነ ደብተር ይሞላል። ርዕሳነ መምህራን፣ እባካችሁ ክፍል ስትገቡ ደብተር አትግለጡ። አንድ ልጅ አስነሡና "ዛሬ የተማርከውን ለኔ አስረዳኝ" በሉት። ወላጆችም ማታ "ደብተርህን አሳየኝ" ከምትሉ "እስቲ አስተምረኝ" በሉ። ልጁ ማስረዳት ካቃተው ያን ጊዜ መጥታችሁ መምህሩን ጠይቁ።

ባልደረቦቼ፣ ሁሉንም በአንዴ አላልኩም። በዚህ ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ያለ ኖት ግቡ፤ ከአምስቱ አንዷን ሞክሩ። ካልሠራችላችሁ እዚሁ ኮሜንት ላይ መጥታችሁ ስደቡኝ፤ አልሰርዝም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ ከኔ ክፍል እስከ ዛሬ የምታስታውሱትን አንድ ነገር ጻፉልኝ። ያስገለበጥኳችሁን ኖት የሚጠቅስ አንድ ሰው ከተገኘ ክርክሩን ተሸንፌያለሁ።